ዐፄ ፋሲልና የጎንደር ቅጥር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ወረታን ያገኛል። ከዚያ አንደኛው መንገድ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ዋናው ግን የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሰሜን ይቀጥላል። ፎገራ ከጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር እስከ ደጋው ግርጌ የተዘረጋ፣ በጥቁር አፈሩ፣ በሣሩና በከብቱ ስመ ጥር የሆነ ሜዳ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ደለልና ለምለም መስክ ትተው ይሸሻሉ። በርብ ወንዝ ላይ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ አሮጌ ድልድይ አለ። ያገሬው ሰው የሚያውቀው በዐፄ ፋሲል ስም ነው። ከላይ የሚወርደው ደለል ዓመት በዓመት የወንዙን ወለል ከፍ እያደረገ ቅስቶቹን ሊውጣቸው ተቃርቧል።

በዚህ ድልድይ ስማቸው የሚነሣው ንጉሥ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት በጎንደር ግንብ ነው። ስለ ግንቡ ውበት አያሌ ተጽፏል። በግንቡ ቅጥር ውስጥና ውጭ ስለ ነበረው ኑሮ፣ ይኸውም ውሃውና ዛፉ ለማን፣ ቁልቁለቱና ጭቃው ለማን እንደ ደረሰ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የዐፄ ፋሲል ሕይወት በዚህ በኩል ሲመረመር፣ ከተማ በሚቆረቆርበት ቀን የሚሰመር መሥመር ስንት ዘመን እንደሚዘልቅ ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በድንኳን ያደጉ ልዑል

ፋሲል በ1603 ገደማ በሸዋ፣ በቡልጋ፣ መገዘዝ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በዚያ ጊዜ አባታቸው ሱስንዮስ ገና ዘውድ ያልጫኑ፣ ሠራዊት እየመሩ ካገር አገር የሚዘዋወሩ መስፍን ነበሩ። በ1607 ዙፋኑን ከያዙ በኋላም ቢሆን ቤተ መንግሥታቸው ባንድ ቦታ አልረጋም፤ በጣና ዙሪያ ከቆጋ ወደ ጎርጎራ፣ ከጎርጎራም ወደ ደንቀዝ ይዛወር ነበር።

በዚያ ዘመን የንጉሡ መቀመጫ ማለት የድንኳን ሰፈር ማለት ነበር። ከተማ የሚለው ቃል ከተመ ከሚለው ግሥ፣ ሰፈር የሚለውም ሰፈረ ከሚለው ግሥ መምጣታቸው ይህንኑ ይመሰክራል፤ ሁለቱም መነሻቸው የሠራዊት ማረፊያ ነው። የንጉሡ ድንኳን ከመካከል ይተከላል፤ በፊት፣ በቀኝ፣ በግራና በኋላ የየሹሙ ጭፍራ በታወቀ ተራው ይሰፍራል፤ ነጋዴውና የእጅ ሠራተኛው ዳር ዳሩን ይይዛል። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የተባሉት ማዕረጎች የዚህ አሰፋፈር ትዝታዎች ናቸው። ሰፈሩ በሰነበተ ቁጥር በዙሪያው ያለው ዛፍ ለማገዶ ያልቃል፤ ሣሩን የጭነት ከብት ይጨርሰዋል፤ ገበሬውም ሠራዊት ሲቀልብ ጎተራው ይራቆታል። ያን ጊዜ ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ሌላ ለምለም ስፍራ ይኬዳል። ሣርና ውሃ የሞላበት እንደ ፎገራ ያለ ሜዳ ለሠራዊቱ በረከት፣ ለባላገሩ ግን ሥጋት ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ተዘዋዋሪ ሥርዓት አንድ በጎ ነገር ነበረው። የማዕረጉ ድንበር የድንኳን ካስማ ስለ ነበረ ከሰፈሩ ጋር አብሮ ይነቀላል። ዛሬ ረግረጉን የያዘ ጭፍራ ነገ ኮረብታው ሊደርሰው ይችላል። የተቆረጠውም ዛፍ ሠራዊቱ ሲለቅ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ለፋሲል ትውልድ የግንብ ሥራ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። ከፎገራ ሜዳ በስተሰሜን፣ በእንፍራዝ ኮረብታ ላይ የቆመውን የጉዛራን ግንብ ብዙዎች ከ1563 እስከ 1597 ለነገሡት ለዐፄ ሠርጸ ድንግል ይሰጡታል። ሐይቁን ቁልቁል የሚያየው ይህ ግንብ፣ ነገሥታቱ ከድንኳን ወደ ድንጋይ መሻገር የጀመሩት በዚሁ በጣና ምሥራቃዊ ዳር መሆኑን ያመለክታል። ሱስንዮስም በጎርጎራና በደንቀዝ ግንብ አሠርተዋል፤ ድንጋይን በኖራ እያያያዙ መገንባትም በእርሳቸው ዘመን ተስፋፋ። በአዘዞ ደግሞ ገነተ ኢየሱስን ከቤተ መንግሥት፣ ከውሃ ገንዳና ከፍራፍሬ አትክልት ጋር አቋቋሙ። ስሙ ራሱ ገነትን የሚያነሣው ይህ ቦታ በቅጥር የተከለለ የውሃና የጥላ ስፍራ ነበር፤ ተድላው ግን ለቤተ መንግሥቱና ለካህናቱ እንጂ ለአላፊ አግዳሚው አልነበረም።

ከወይና ደጋ እስከ ጎንደር

ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ መቀበላቸው አገሪቱን ከሁለት ከፈላት። ዐመፅ በየአውራጃው ተነሣ። በሰኔ 1632 በወይና ደጋ የላስታውን መልክአ ክርስቶስን ጦር ድል ነሡ፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ የወደቁት 8,000 ያህል ሰዎች የገዛ አገራቸው ገበሬዎች ነበሩ። በዚያው ወር የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለቀቁ። በመስከረም ዐርፈው በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

ፋሲል ዓለም ሰገድ በሚል ስመ መንግሥት ሲነግሡ ዕድሜያቸው ሠላሳ አልሞላም ነበር። የኢየሱሳውያንን ሚስዮናውያን ካገር አስወጡ፤ ከእስክንድርያ ጳጳስ አስመጡ፤ የምጽዋንና የሱዋኪንን ወደብ ከያዙት የኦቶማን ሹማምንት ጋርም የአውሮፓ ካህናት እንዳያልፉ ተስማሙ። የላስታው ዐመፅ ግን ሃይማኖቱ ቢመለስም ወዲያው አልበረደም። መልክአ ክርስቶስ ከፎገራ አጠገብ እስካለው እስከ ሊቦ ድረስ ዘልቆ የንጉሡን ጦር አሸነፈ፤ ብዙ ሳይቆይም እርሱ ራሱ ድል ሆኖ ሞተ። ድንኳን የሚያድር መንግሥት ምን ያህል ለጥቃት የተጋለጠ እንደሆነ ለወጣቱ ንጉሥ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አልነበረም።

በ1636 ፋሲል በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ኮረብታ ላይ ጎንደርን ቆረቆሩ። አፈ ታሪኩ የመንግሥት መቀመጫ የሚሆነው ስፍራ ስሙ በጎ ፊደል እንደሚጀምር ትንቢት ስለ ነበረ ነገሥታቱ ጉዛራንና ጎርጎራን ሞክረው በመጨረሻ ጎንደር ላይ ደረሱ ይላል። የቦታው አመራረጥ ግን ያለ ትንቢትም ይገባል። ኮረብታው ከወባው ቆላ በላይ ነው፤ በሁለት ወገን ወንዝ አለው፤ እህል ከደምቢያ፣ ከብትና ቅቤ ከፎገራና ከበጌምድር ይደርሰዋል፤ ከጎጃምና ከዚያም ማዶ የሚመጣው ነጋዴ ወደ ምጽዋና ወደ ሱዳን በሚወስዱት መንገዶች ላይ ያገኘዋል። በርብ ላይ ያለው ዓይነት ድልድይ ትርጉሙ እዚህ ላይ ይገለጣል። ለተዘዋዋሪ ሠራዊት ክረምት የማረፊያ ጊዜ ነው። ለቆመ ከተማ ግን ክረምት ከበጋ ሳይል እህል መግባት አለበት። ባህሉ ሰባት ድልድዮችን ለፋሲል የሚቆጥርላቸው፣ ጎንደር በኮረብታው ላይ ትቁም እንጂ ኑሮዋ የተመሠረተው በሜዳው ላይ ስለ ነበረ ነው።

ድንጋይ የጠረቡት

የፋሲል ግንብ አራት ባለ ጉልላት ማማዎች ያሉት፣ በቡናማ ድንጋይ የተሠራ ሕንፃ ነው። በአሠራሩ ያገሬው፣ የህንድ፣ የዐረብና የፖርቱጋል ጥበብ ተቀላቅሎበታል። እንዲህ ያለ ሕንፃ የሚፈጀው ድንጋይ ብቻ አይደለም። ኖራ የሚገኘው ድንጋዩን በብዙ እሳት በማቃጠል ነው፤ እሳቱም ማገዶ ይበላል። እያንዳንዱ ቅስት እስኪጠነክር ድረስ በእንጨት ድጋፍ ይቆማል። ወለልና ጣሪያውም የወይራና የጥድ ግንድ ይሻል። ስለዚህ ግንቡ ወደ ላይ ባደገ ቁጥር በዙሪያው ያለው ጫካ እየሳሳ ይሄዳል። ቀድሞ ሠራዊቱ ሲለቅ ጫካው ያገግም ነበር፤ አሁን ግን ከተማው የሚለቅ አልሆነም።

ድንጋዩን ከጠረቡትና ግድግዳውን ካቆሙት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞች፣ አናጢዎችና አንጥረኞች ዋነኞቹ እንደ ነበሩ የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች ወደ እጅ ሥራው የገቡት በምርጫ ብቻ አልነበረም። በሱስንዮስ ዘመን በስሜን በተደረገው ጦርነት ብዙዎቹ ርስታቸውን አጥተዋል። ርስት ያጣ ሰው የሚተርፈው እጁ ነው። የጎንደር ግንባታ ለዚህ እጅ ሥራ ሰጠው፤ አንዳንዶቹም በሙያቸው ሹመትና ጉልት አገኙ። በንግዱ በኩል ደግሞ የሩቁን አገር ገበያ የሚያውቁት ሙስሊም ነጋዴዎች የከተማዋ የደም ሥር ሆኑ፤ ፋሲልም በውጭ አገር ጉዳያቸው እነርሱን በመልእክተኛነት ይጠቀሙ ነበር።

በ1648 የየመኑ ኢማም መልእክተኛ ሐሰን አል-ሐይሚ ጎንደር ደርሶ ያየውን ጽፎ አቆይቷል። ግንቡ እጅግ አስደነቀው፤ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ፣ በዚያ አገር አቻ የሌለው ሕንፃ መሆኑን ገለጠ። ነገር ግን ከግንቡ ውጭ ያገኘው የሣር ጎጆ ብቻ እንደ ነበረ አልደበቀም። ይህ ትዝብት ከአድናቆቱ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ነው። ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ሲሆን፣ ጸንቶ የሚቆየው የአንድ ቤት ብቻ፣ በአንዲት የክረምት መብረቅ ወይም በአንዲት የምድጃ እሳት የሚጠፋው ደግሞ የሌላው ሁሉ ነበር። ግንበኛው ለንጉሡ ያቆመውን ዓይነት ግድግዳ ለራሱ አላቆመም።

ተከታዮቹ ነገሥታት እየጨመሩበት የሄዱት የፋሲል ግቢ በመጨረሻ 70,000 ካሬ ሜትር ያህል ስፋትና 900 ሜትር የሚሆን ቅጥር፣ አሥራ ሁለትም በሮች ኖሩት። የድንኳኑ ዘመን አሰፋፈር በዚህ ቅጥር ዙሪያ ደነደነ። በፊት ለፊት የቆሙት ፊት ሚካኤልና ፊት አቦ እስከ ዛሬ የሚጠሩበት ስም የመጣው ከዚሁ ሥርዓት ነው። ጳጳሱ አቡን ቤት በተባለው፣ እጨጌውም እጨጌ ቤት በተባለው ሰፈር ተቀመጡ፤ በእጨጌ ቤት የተጠጋ ስደተኛ አይነካም ነበር። ድንበሩ እንደ ካስማ የሚነቀል መሆኑ ግን ቀረ። በኮረብታው ራስ የተቀመጠ ልጁም የልጅ ልጁም በዚያው ይቀመጣል፤ በቁልቁለቱ የሰፈረም ከላይ የሚወርደውን ጎርፍና ጥራጊ ለልጁ ያወርሳል።

ጥላና ውሃ

ለፋሲል ምስጋና የሚገባቸው ሌላ ሥራ አለ። ከግቢው በስተሰሜን ምዕራብ፣ በቀሐ ወንዝ አጠገብ፣ ባህሉ ለእርሳቸው የሚሰጠው ሰፊ የውሃ ገንዳ ይገኛል። ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 30 ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ በቅስቶች ላይ የቆመ ትንሽ ግንብ አለ። ውሃው ከቀሐ በቦይ ተጠልፎ ይገባል። በዙሪያው ያለው ቅጥርና በውስጡ ያሉት ትላልቅ ዛፎች እርስ በርስ ተቃቅፈው አርጅተዋል፤ የዛፎቹ ሥር ድንጋዩን እንደ እጅ ጣት ጨምድዶ ይዞታል። መሐንዲስ እንዲህ ያለውን ሥር ጠላት አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ ግድግዳውን የሚያፈርሰውም፣ ደግፎ የያዘውም ያው ሥር ነው።

በመጀመሪያ ምን ታስቦ ቢሠራ፣ ይህ ገንዳ በኋላ የሕዝብ ሆኗል። በየዓመቱ ጥር ለጥምቀት በዓል ቦዩ ተከፍቶ ገንዳው ይሞላል፤ ከየደብሩ የሚወጡት ታቦታት በዚያ ያድራሉ፤ ባለጸጋውና ድኃው ባንድ ውሃ ይጠመቃሉ። በተመሳሳይ መንገድ ፋሲል ሠርተዋቸዋል የሚባሉት ሰባት አብያተ ክርስቲያናት፣ ከእነርሱም በኋላ አርባ አራት ታቦት እስከሚባል ድረስ የበዙት ደብሮች፣ እያንዳንዳቸው የወይራና የጥድ አጸድ ይዘው ቆሙ። አካባቢው ሁሉ ለማገዶ በተመነጠረ ጊዜ እንኳ ከአጸዱ ቅርንጫፍ መቁረጥ ነውር ነበር። ከተማዋ ያተረፈችው ጥላ በንጉሥ አዋጅ ሳይሆን በዚህ የጋራ ክብር የተጠበቀ ነው። እርግጥ ጥላው ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከዚህ አጸድ ውጭ ናቸው፤ በእነርሱ ሰፈር ይህን የመሰለ ለምለም ስፍራ የከለለላቸው ንጉሥ አልነበረም።

የቅጥር አስተሳሰብ በገዛ ቤተሰባቸውም ላይ ደርሷል። ፋሲል ለዙፋን የሚወዳደሩ መሳፍንትን ወህኒ በተባለ ገደላማ አምባ ላይ የማኖርን ልማድ አቋቋሙ፤ ያመፀባቸው ልጃቸው ዳዊትም በዚያው ታስሯል። የአምባው ስም ከዚያ ወዲህ በአማርኛ የእስር ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ከዕረፍታቸው በኋላ

ዐፄ ፋሲል ሠላሳ አምስት ዓመት ነግሠው በጥቅምት 1667 በአዘዞ ዐረፉ። አስከሬናቸው ያረፈው በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ከተማ ባንድ ቦታ ያጸኑት ንጉሥ የመጨረሻ ማረፊያቸው ከከተማዋ ርቆ፣ በውሃና በዛፍ የተከበበ ሆነ።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1668፣ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ በጎንደር ጉባኤ ጠርተው ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲቀመጡ ወሰኑ። ሙስሊሞቹ ወደ ቀሐ ዝቅ ብለው አዲስ ዓለም በተባለው ሰፈር፣ ቤተ እስራኤላውያኑም በካይላ ሜዳ ሰፈሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1678፣ ይኸው አዋጅ እንደገና መነገር አስፈለገው። አዋጅ የሚደገመው ሳይፈጸም ሲቀር ነው። ስለዚህ የሁለተኛው አዋጅ መውጣት፣ ሹማምንቱ ቢለያዩአቸውም ጎረቤቶቹ ራሳቸው ተቀላቅለው መኖርን ይመርጡ እንደ ነበር ያመለክታል። በመጨረሻ ግን አዋጁ አሸነፈ። ግንቡን የገነባው ከግንቡ በታች፣ ገበያውን ያሞቀው ከገበያው በታች ተቀመጠ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1770 የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በሰላም ጊዜ የጎንደርን ነዋሪ 10,000 ቤተሰብ፣ የሙስሊሞቹን ሰፈር ብቻ 3,000 ቤት ሲገምት፣ መለያየቱ የከተማዋ መልክ ሆኖ አገኘው።

ይህን አዋጅ ያወጡት ፋሲል አይደሉም። ነገር ግን ቅጥሩን ያቆሙት፣ ሰፈሩን ከካስማ ወደ ድንጋይ ያሸጋገሩት እርሳቸው ናቸው። በድንኳን ዘመን ቢሆን እንዲህ ያለው አዋጅ ከሰፈሩ ጋር ተነቅሎ ሊረሳ ይችል ነበር፤ በድንጋይ ከተማ ግን መሬት ላይ ተጻፈ። አባት የሠራው ቅርጽ፣ ልጅ ላሰበው ፍርድ የተዘጋጀ ስፍራ ሆኖ ተገኘ። የመሥራች ኃላፊነት እስከዚህ ድረስ ይሄዳል።

ጎንደር ከዚያ በኋላ ብዙ መከራ አይታለች። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ዘርፈው አቃጠሏት፤ በ1888 ደርቡሾች ወረሯት። የሣር ጎጆዎቹ አመድ ሆኑ፤ ግንቡና ገንዳው ቀሩ። በ1979 የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዓለም የመዘገበው ሊቆይ የቻለውን ነው፤ ሊቆይ የቻለው ደግሞ ከጥንቱም ጸንቶ እንዲቆም ታስቦ የተሠራው ነው።

የፎገራ ሜዳ ግን ዛሬም ሕያው ነው። ባለፈው ምዕት ዓመት ማብቂያ አካባቢ የገባው ሩዝ መልኩን ለውጦታል። ቀድሞ የፎገራ ከብት ይሰማራበት የነበረው የጋራ መስክ እየታረሰ ነው፤ ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎችም እየጠበቡ ሄደዋል። ወረታ የሩዝ ገበያና የሩዝ ምርምር ማእከል መቀመጫ ሆና በሁለቱ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ታድጋለች። የጎንደር ታሪክ ለእንዲህ ያለ በማደግ ላይ ለሚገኝ ከተማ ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ከፍ ያለው ቦታ ለማን ይመራል? ጎርፍ የሚተኛበት ለማን ይቀራል? የጋራው መስክ ታርሶ ወይም ታጥሮ ሳያልቅ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ጥላ የሚሆን ስፍራ ማን ይከልላል? ካርታው ገና በወረቀት ሳለ ይህን መመለስ ቀላል ነው፤ መሥመሩ ድንጋይ ከሆነ በኋላ ግን ለማንሣት ሦስት መቶ ዓመትም ላይበቃ ይችላል።

ከዐፄ ፋሲል ሥራዎች ዛሬም የሁሉ የሆኑት ሁለቱ፣ ይኸውም የጥምቀቱ ገንዳና የርብ ድልድይ፣ ከቅጥሩ ውጭ የሚገኙ ናቸው። አንዱን ሕዝቡ በየዓመቱ ውሃ እየሞላ ያድሰዋል። ሁለተኛው በፎገራ ደለል ውስጥ እየተቀበረ፣ ጠራጊ ይጠብቃል።